የተሞረደው ዛጎል

ሀጀራ አንዱን የአንገት ጌጥ ለሦስተኛ ጊዜ ፈታችው። ፈትታ ትሰካለች፣ ሰክታ ትፈታለች። አሥራ ሰባት ዛጎል ነው፣ ከዚያ አይበልጥም። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ እጇ የሚያውቀው ሥራ ዛሬ እንቢ ብሏታል። አንዴ ዘጠነኛው ላይ ክሩ ያመልጣታል፤ አንዴ ደግሞ ጨረስኩ ስትል አንዱ ዛጎል አፉ ወደ ውስጥ ዞሮ ታገኘዋለች።

«ተይው ልጄ» አሉ አያቷ እማ ረቢያ ከመደቡ ላይ ሆነው። «ልብ ሳይረጋ እጅ አይረጋም።»

«ልቤ ምን ሆነና ነው እማ?»

«እሱንማ አንቺ ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች እንጂ። ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ከነገ ወዲያ ጁምዓ። ከሶላት በኋላ የሙዓዝ ሽማግሌዎች ይህን ደጃፍ ይረግጣሉ፤ እሷም እሺ ወይም እንቢ ትላለች። ሙዓዝ እዚሁ ሐይቅ ከተማ የጨርቅ ሱቅ አለው። ድምፁ ከፍ ብሎ የማይሰማ፣ ጦርነቱ ሲያልፍ ከተዘረፈው ሱቁ የተረፈችውን ጣቃ ለተፈናቃይ ቆራርሶ ያደለ ሰው ነው። ምነው አንድ እንከን በተገኘበት! ክፉ ሰውን እንቢ ማለት ምን ይቸግራል፤ የሚያስቸግረው ደጉ ነው።

እሺ እንዳትል ግን አንድ የቆርቆሮ ጣሳ ይከለክላታል። ጣሳው ውስጥ አንድ ዛጎል አለ። ጀርባው ተሞርዷል። ያውም በወጉ የተሞረደ እንዳይመስላችሁ፤ ጠርዙ ተሸርፎ፣ አንዱ ጎኑ ጠልቆ፣ ሌላው ሳይነካ ቀርቶ። ሊተወኝ እንኳ ቸኩሎ ነው የተወኝ ትላለች ባየችው ቁጥር። ባታየው ይሻላል፤ ግን በቀን አሥር ጊዜ ክዳኑን ትከፍታለች።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ፣ አለዚያ አንድ ዛጎል ሰውን እንዲህ ያንቀዠቅዣል ብትባሉ አታምኑም።

ዛጎል የሐይቁ አይደለም። ውኃውን ሊጎበኙ የሚመጡ የከተማ ልጆች ሁልጊዜ «ከዚህ ነው የምታወጡት?» ይሏታል፣ እሷም ትስቃለች። ዛጎል የባሕር ነው። በእማ ረቢያ እናት ዘመን ከአሰብ እስከ ባቲ በግመል፣ ከባቲ እስከ ሐይቅ በአህያ ይመጣ ነበር። ጀርባው ጉብ ያለ ስለሆነ እንዲያው እንዳለ ክር አያስገባም፤ ቆዳ ላይም አይተኛም። ስለዚህ በሻካራ ድንጋይ ላይ ውኃ ጠብ እያደረጉ ጉብታውን ይሞርዱታል። ለአንገት፣ ለወገብ፣ ለአንቀልባ የሚሆነው ሁሉ የተሞረደ ነው።

በእማ ረቢያ ቤት ግን አንድ ደንብ አለ። ሴት ልጅ ቃሏን ለሰጠችው ሰው ያልተሞረደ ሙሉ ዛጎል ትሰጠዋለች። ቃሉ የፈረሰ ቀን፣ ያፈረሰው ሰው ዛጎሉን ሞርዶ ይመልሳል። ጭቅጭቅ የለ፣ እርግማን የለ። «ሙሉው የልብ ነው፣ የተሞረደው የገበያ» ይላሉ እማ ረቢያ፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል።

ሀጀራ ሙሉውን ዛጎል የሰጠችው ለዘይኑልአቢዲን ነበር። ዘይኑ የውጫሌ ልጅ ነው፣ ሐይቅ የመጣው ጂኦግራፊ ሊያስተምር ነው። የተዋወቁት በሁለት ሺህ አሥራ አንድ ነበር፤ ለውጡ ገና ትኩስ፣ ሰው ሁሉ ነገ ጥሩ ነው ብሎ የሚተኛበት ዓመት። ደሴ በተከፈተ ባዛር ላይ ለእህቱ ሠርግ የአንገት ጌጥ ሊገዛ ጠረጴዛዋ ፊት ቆመ፤ አንዱን ያነሳል፣ ያስቀምጣል፣ ያነሳል። «ወንድሜ፣ ዛጎሉን ነው የምታየው ወይስ እኔን?» ብትለው ጆሮው ሳይቀር ቀላ። እንዲያ ነው የተጀመረው።

የእህቱ ሠርግ ላይ ጠራት፣ ሄደች። እናቱ እትዬ ዑምኩልሱም የታወቁ የእህል ነጋዴ ሚስት ነበሩ፤ ባላቸው ከሞቱም በኋላ ግቢያቸው አልጎደለም። ሀጀራ ዝቅ ብላ እጃቸውን ሳመች። በእኛ አገር ሰላምታ የአንድ ወገን አይደለም፣ የሳመ ይሳማል። እሳቸው ግን እጃቸውን ሰብስበው ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ። ዘወር ስትል ደግሞ ለጎረቤታቸው «እጇ ቆዳ ቆዳ ይሸታል» ሲሉ ሰማቻቸው። ቆዳ የሚሰፋ ቤት ምን እንደሚባል እናንተም ታውቃላችሁ፤ አልደግመውም። ያን ቀን ሀጀራ እጇን በሎሚ አጠበች። በማግስቱም አጠበች። ከዚያ በኋላ በራሷ አፍራ ተወችው።

በነሐሴ ሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ጦርነቱ ወደ ወሎ ሲገፋ ዘይኑ እናቱን ብቻቸውን ሊተዋቸው አልቻለም። መናኸሪያው ውስጥ፣ የውጫሌ ሚኒባስ ሞተሩን አስነስቶ ቆሞ ሳለ፣ ሀጀራ ዛጎሉን መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። «ሙሉ ዛጎል ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሚሰጠው» አለችው። ደንቡንም እዚያው ቆማ ነገረችው፤ ቢያንስ እሷ እንደነገረችው ነው የምታውቀው።

ከዚያ ስልክ ተቋረጠ። ሀሚዱ የሚባል በአህያ በርበሬ የሚያመላልስ ነጋዴ በጓሮ መንገድ ከዘይኑ ሁለት ደብዳቤ አመጣላት፤ ሁለቱንም በቃሏ ታውቃቸዋለች። በጥቅምት ሐይቅ ራሷ ስትመታ ሀጀራ እማ ረቢያን ደግፋ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ዘመድ ቤት ገባች። ሀሚዱ እዚያም ፈልጎ አገኛት። ኅዳር ነበር። የላስቲክ ቁራጭ ፈትቶ ዛጎሉን ሰጣት።

«ደብዳቤስ?» አለችው።

«ይኸው ነው» አለ። ዓይኗን አላያትም። አህያውን እየነዳ ሲሄድ እንኳ ዞር አላለም።

ሀጀራ ዛጎሉን ገለበጠችው። ተሞርዷል። ዓይኔን ያላየኝ አዝኖልኝ ነው አለች በሆዷ። አላለቀሰችም። አርዲቦ ዳር ቁጭ ብላ ውኃውን ስታይ ዋለች፣ ሲመሽ ገብታ እራት አቀረበች።

ታኅሣሥ ላይ መንገዱ ተከፍቶ ወደ ሐይቅ ሲመለሱ በሩ ተሰብሯል፤ የልብስ ስፌት መኪናዋ የለም። የዛጎሉን ጆንያ ግን ግቢው ውስጥ ዘርግፈውት ሄደዋል፣ ዘራፊ ዛጎል ምን ያደርግለታል። ሁለት ቀን ሙሉ ተንበርክካ ከአፈር ለቀመችው። ሙዓዝ አብሯት ለቀመ። ምንም ሳይል ነው የለቀመው። በሳምንቱ ሽማግሌ ልኮ ጠየቀ፣ ቀጠሮውም ለዚህ ጁምዓ ሆነ። ይኸው እንግዲህ።

ሐሙስ ማለዳ፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ፣ እማ ረቢያ መስገጃቸውን ሳያጥፉ ሀጀራን ጠሯት።

«ጣሳውን አምጪው።»

አመጣችው። ዛጎሉን አውጥተው በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ዓይናቸው ደክሟል፣ ጣታቸው ግን እንደ ድሮው ነው።

«ይህን የሞረደው ሞርዶ የማያውቅ ሰው ነው» አሉ።

«ምን ለውጥ አለው እማ? ሞርዶታል።»

አሮጊቷ ዛጎሉን በመዳፋቸው ያዙት። «እኔም አንድ ጊዜ እንዲህ ያለው መጥቶልኛል» አሉ ቀስ ብለው። «ከአያትሽ በፊት ነው። የባቲ ልጅ ነበር። በሰው እጅ ላከልኝ፤ ጀርባው የተከፈተ። ክብሬ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። አያትሽን አገባሁ፣ ደግ ሰው ነበር፣ አላህ ይማረው። ግን ወላሂ ሀጀራ፣ ዛጎል በሞረድኩ ቁጥር ያ ልጅ ምን ሆኖ ይሆን እላለሁ። ሃምሳ ዓመት ስሞርድ ሃምሳ ዓመት እላለሁ።»

ሀጀራ አያቷ እንዲህ ሲናገሩ ሰምታ አታውቅም።

«ነገ ለሙዓዝ እሺ ማለት ትችያለሽ፣ ነውር የለበትም። ዛሬ ግን ሂጂና ጠይቂ። ተውኩሽ ካለሽ በአፉ ይበልሽ፣ አልቅሰሽ ትመለሻለሽ። ሳትጠይቂ የተቀበልሽው መልስ ግን አይለቅሽም።»

«ሄጄ ደጃፉ ላይ ልቁም? እናቱ ባሉበት?»

«ቁሚ። ደጃፍ ሰው አይበላም። አብሽሪ፣ አላህ ያግራው።»

ሀጀራ ሻሿን ስታስር ሦስቴ አሰረችው።

የውጫሌ ሚኒባስ እስኪሞላ ያለው ጊዜ ከዓመት ረዘመባት። ስትቀመጥ ትነሳለች፣ ስትነሳ ትቀመጣለች፤ ረዳቱ እንኳ «እህቴ፣ መኪናው እኮ ጥሎሽ አይሄድም» አላት። ሾፌሩ የአምባሰል ዜማ ከፈተ፤ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴት «ዝጋልን ልጄ፣ ሐዘን ላይ ነን» አሉ፣ ዘጋው። በየመንገዱ ዳር የተቃጠሉ መኪናዎች ቆመዋል። ሰው አያያቸውም፣ ቁልቁል ያያል። ሀጀራ በመንገዷ ሙሉ የምትለውን ታጠና ነበር። መጀመሪያ የተቆጣ ነገር አዘጋጀች። ቀጥላ ኩሩ ነገር። ውጫሌ ሲደርሱ ሁለቱም ጠፍተው አንድ ቃል ብቻ ቀራት፦ ለምን። እሱንም ለመያዝ ዛጎሉን እስኪያማት ጨበጠችው።

የእትዬ ዑምኩልሱም ግቢ በር አንድ ማጠፊያው ተነቅሎ ተንጋዷል። ጎተራው አፉን ከፍቶ ባዶውን ቆሟል። አንድ ከሲታ፣ ጢሙ ያደገ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ በሩ ላይ ቆርቆሮ ይመታል። ሀጀራ ሠራተኛ መስሏት «ቤቶች» ልትል ነበር። ሰውየው ዞረ።

መዶሻው ከእጁ ወደቀ።

«ሀጀራ?»

አንድ እርምጃ መጣ፣ ከዚያ እንደማያምን ሰው ቆመ። እሷ መዳፏን ከፍታ አሳየችው። ጥፍሯ የተተከለበት ቦታ ቀልቷል።

«ይህን ለምን ላክህብኝ?»

«ደረሰሽ?» አለ ዘይኑ። ፊቱ በራ፣ ሳቅም አመለጠው። «አልሐምዱሊላህ። እኔ እኮ ጠፋ ብዬ…»

ያ ሳቅ ነው ያቃጠላት። ያቺ አርዲቦ ዳር አልመጣም ያለቻት እንባ አሁን፣ በማይሆን ሰዓት፣ ግጥም አለች።

«ትስቃለህ? እኔ በሞት መካከል ተቀምጬ፣ ሰው በሕይወት ይኑር ይሙት ሳላውቅ ሌት ተቀን ዱዓ እያደረግሁለት፣ የተሞረደ ዛጎል ይልክብኛል፣ ዛሬ ደግሞ ይስቅብኛል። አፍ አልነበረህም ዘይኑ? እናቴ አልፈቀደችም ብትለኝ ምን ነበረበት? እኔ እኮ የምችል ሰው ነኝ። ችዬ ነው የኖርኩት።»

ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። «ምን እያልሽ ነው?»

«ለምን ሞረድከው?»

«አንገቴ ላይ ላስረው ነዋ» አለ።

ሀጀራ ዛጎሉን ገልብጣ አየችው።

«ታጣቂዎች ኪሴን ሦስት ጊዜ ፈትሸዋል። ስልኩን ወሰዱ፣ ሰዓቱን ወሰዱ፣ የአባቴን ቀለበት ወሰዱ። ይህን ከወሰዱብኝ አብዳለሁ አልኩ። በክር ላንጠለጥለው ብል ቀዳዳ የለውም። አንቺ ድንጋይ ላይ ስትሞርጂ አይቼ የለ? እንደዚያው አደረግሁ። ክታብ መስሏቸው ተዉልኝ።»

«ደንቡን ነግሬህ የለም እንዴ? የተሞረደ ዛጎል የመለሰ ሰው ቃሉን አፈረሰ ማለት ነው ብዬ አልነገርኩህም?»

«መቼ?»

«መናኸሪያው ውስጥ ነዋ፣ ዛጎሉን ስሰጥህ…» አለችና ቃሉ አፏ ላይ ቀረ። መናኸሪያው ትዝ አላት። ሙሉ ዛጎል ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሚሰጠው ብላ ነበር። የተሞረደ ግን፣ ብላ ልትቀጥል አፏን ስትከፍት ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፋ፣ ዘይኑ ሮጠ። አራት ወር ሙሉ በልቧ ስትጨርሰው የኖረችውን ንግግር በአፏ አልጨረሰችውም ነበር።

«ወይ እኔ» አለች በቀስታ።

«እኔ ደግሞ ሐይቅ ተመታች ሲሉኝ መቀመጥ አቃተኝ። ሀሚዱን ለምኜ ደብዳቤ ጻፍኩልሽ። ከእኔ መሆኑን እንድታምኚ ዛጎሉን ከአንገቴ ፈትቼ አብሬ ሰጠሁት።»

«ምን ደብዳቤ?»

ተያዩ። ሀሚዱ ዓይኗን ያላያት ለምን እንደሆነ ሁለቱም እኩል ገባቸው። በዚያ ሰሞን ወረቀት የተገኘበት መንገደኛ ሰላይ ይባል ነበር። ሰውየው የስድስት ልጆች አባት ነው፤ ወረቀቱን የሆነ ወንዝ ውስጥ ጥሎ፣ ጣልኩት ማለት አፍሮ ዛጎሉን ብቻ አደረሰ። ዘይኑ ራሱን ነቀነቀ እንጂ ክፉ አልተናገረውም።

«ምን ይል ነበር?» አለች ሀጀራ።

«አሁን በአፌ ልንገርሽ?»

«ቃል ሳታስቀር።»

ዘይኑ እንደ ተማሪ እጁን ወደ ኋላ አደረገ። «ሀጀራዬ፣ በሕይወት አለሁ። አንቺም በሕይወት ካለሽ ሌላ የምጠይቀው የለኝም። ዛጎልሽን አበላሽቼዋለሁ፣ እጄ እንዳንቺ አይደለም፣ ጠርዙን ሸርፌዋለሁ። አትቆጪኝ። አስተካክለሽ በእጅሽ መልሰሽ እሰሪልኝ። እስክታስሪልኝ ድረስ ክሩን ከአንገቴ አላወልቀውም።»

ከዚያ የሸሚዙን አንገት ገለጥ አደረገው። በላብ የጠቆረ ክር ነው። ምንም አልተንጠለጠለበትም። ባዶውን ሁለት ወር አስሮታል።

ሀጀራ ክሩን በአንድ ጣቷ ነካችው፣ ከዚያ ፊቷን በሻሿ ሸፍና አለቀሰች። የወራቱን ሁሉ አለቀሰችው፤ የእሱን፣ የተሰበረውን በር፣ ከአፈር የለቀመችውን ዛጎል፣ የእማ ረቢያን የባቲ ልጅ ሳይቀር። እወደዋለሁ፣ እስከ ዛሬም አንድ ቀን እንኳ አልተውኩትም ስትል ለራሷ አመነች።

«ነገ ሽማግሌ ይመጣብኛል» አለች እንባዋን ስታብስ። «ክፉ ሰው አይደለም። አንተ የተውከኝ መስሎኝ እሺ ልለው ነበር።»

ዘይኑ ክው አለ። «እናቴን በተሰበረ በር ጥዬ መምጣት አቃተኝ፤ ይህን በር አቁሜ ልመጣልሽ ነበር» አለ።

«እንግዲያማ ምን ትጠብቃለህ?» አለ ከበስተኋላው አንድ ድምፅ።

እትዬ ዑምኩልሱም በረንዳው ላይ ቆመዋል። ከስተዋል። ያ የሠርግ ቀን የነበረ ግርማ የለም፣ ሻሻቸውም የዘወትር ነው። ሀጀራ ተንደርድራ ዝቅ ብላ እጃቸውን ሳመች፣ የራሷን ግን ቶሎ ወደ ነጠላዋ ሰበሰበችው። ሁለተኛ መዋረድ አልፈለገችም።

«እጅሽን አምጪ» አሉ።

አልሰማች መሰላት።

«አምጪ እንጂ ልጄ።»

ያንን ቆዳ ቆዳ የሚሸት እጅ በሁለት እጃቸው ያዙት፣ ሳሙት፣ ግንባራቸው ላይ አድርገውት ቆዩ።

«ያን ዛጎል መጀመሪያ ሳየው መስተፋቅር አድርጋበታለች ብዬ እሳት ውስጥ ልጥለው ነበር» አሉ። «ይኸውልሽ፣ እዚያ ድንጋይ ላይ ሦስት ቀን ተቀምጦ ሞረደው። መድፉ ያጓራል፣ እኔ ግባ እላለሁ፣ እሱ ይሞርዳል። ጣቱ ደማ። በቤቴ ነውር ነው ያልኩትን ሥራ ልጄ በደሙ ሲሠራው አየሁ። ምን እላለሁ ከዚያ በኋላ?»

ገብተው አንድ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ወጡ። አንቀልባ ነው። ቆዳው አርጅቷል፣ ዙሪያውን ግን ዛጎል በሁለት ረድፍ ተሰፍቶበታል።

«ቤቴን ሙልጭ አድርገው ሲወስዱ ይህን ደጅ ጣሉት። ዘይኑን ያዘልኩበት ነው። ከሐይቅ ገበያ ነው የገዛነው።»

ሀጀራ ተቀብላ ገለበጠችው። የስፌቱ ክር በየዛጎሉ ሁለት ጊዜ ተመላልሶ ከሥር ተቋጥሯል። እንዲህ አድርጎ የሚቋጥር በአገሩ አንድ ሰው ብቻ ነው።

«የእማ ረቢያ ስፌት ነው» አለች።

እትዬ ዑምኩልሱም ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ልጄን በእጃችሁ ሥራ አዝዬ አሳድጌ ነው እንግዲህ እጅሽ ይሸታል ያልኩት» አሉ። «አውፍ በይኝ፣ ማሪኝ።»

«ኧረ እትዬ፣ አላህ አውፍ ይበለን።»

«ዘይኑ፣ መኪና ፈልግ። ዛሬውኑ የአስር ሶላት ሳይሰገድ ሐይቅ እገባለሁ። ሽማግሌ ሲዘገይ እናት ትቀድማለች። አያትሽ እግር ላይ ወድቄ እጠይቃለሁ።»

«ሙዓዝን ግን ማንም እንዳይነግረው» አለች ሀጀራ። «እኔ ራሴ ሄጄ እነግረዋለሁ። ዛጎሌን ከአፈር ለቅሞልኛል፣ በሰው አፍ ሊሰማው አይገባም።»

«ይሁን» አሉ እትዬ ዑምኩልሱም። አሁን ሴትየዋ ራሳቸው እረፍት አጥተው ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። አንቀልባው ላይ በጣታቸው ጠቆሙ፣ ድምፃቸውም ዝቅ አለ። «ሦስት ዛጎል ጎድሎታል። ትሰፊልኛለሽ?»

አንቀልባ ለማን እንደሚያስፈልግ ለሀጀራ የሚነግራት አላስፈለገም። ዘይኑ ቆርቆሮውን እንደሚያይ ሆኖ ፊቱን አዞረ፣ ጆሮው ግን እንደዚያ ባዛር ቀን ቀልቶ ነበር። እሷም ሳቀች፣ እንባዋ ገና ሳይደርቅ።

ከዚያ ጭብጧን ፈታችና ያን ጠርዙ የተሸረፈ፣ በአላዋቂ እጅ የተሞረደ ዛጎል ባዶው ቦታ ላይ አስቀመጠችው። ሙሉ ቢሆን ኖሮ አይተኛም ነበር። ልክክ አለ።

«እዚህ ነው የማስርልህ» አለችው ዘይኑን። «ሁለት ቀረ።»

ክርና መርፌ ስጡኝ ብላ እዚያው በረንዳው ላይ ተቀመጠች። ክሩን በመርፌው ቀዳዳ በመጀመሪያው ሙከራ አስገባችው፤ ከትናንት ጀምሮ አልረጋ ያላት እጇ ረግቶላት ነበር።